ጽንፈኛው ክንፍ ተራማጁን ያግዘዋል ወይስ ይዞት ይወድቃል?

የጀሞ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

"አዞዎቹ ባይኖሩ መሬት ላራሹ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።" ሰሞኑን በሌላ ክር ላይ አንድ ሰው ይህን ጽፎ አለፈ። ማንም አልመለሰለትም። መልስ የሚያስፈልገው ይመስለኛል።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ አዞዎቹ የሚባሉት በ1957 ገደማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ጥቂት ግራ ዘመም ተማሪዎች ናቸው። ቁጥራቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የካቲት 1957 ላይ ግን "መሬት ላራሹ" የሚለውን መፈክር ይዞ ተማሪው ፓርላማ ደጃፍ ድረስ ሲወጣ ግንባር ቀደሞቹ እነሱ ናቸው። በጊዜው በሕግ ሊስተካከል የታሰበው የጭሰኛና የባለመሬት ውል ነበር። ለዘብተኛው "ጭሰኛው ትንሽ ይቅለለው" ይላል፣ ጽንፈኛው "መሬቱ የሱ ይሁን" ይላል። የለዘብተኛው ረቂቅ እስከ አብዮቱ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። የጽንፈኛው ጥያቄ ግን በ10 ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ አዋጅ ቁጥር 31 ሆኖ ታወጀ።

እስከዚህ ሰውዬው ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ስናይስ? ያ ሁሉ ተራማጅ የት ገባ? በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር መንገድ ላይ ተረፍርፎ ቀረ። የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ጽንፈኛ ጥያቄ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ትናንት እብደት የተባለውን ዛሬ መነጋገሪያ ያደርገዋል። ጽንፈኛ ዘዴ ግን የሚጠቅመው መሀል ላይ ቆሞ የሚደራደር ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መሀሉን ከበላው ራሱም አይተርፍም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህር ዘአባዶ

ጥሩ አንስተሃል። እኔ ታሪክ ነው የማስተምረው፣ ስለዚህ ከአንተ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ልሂድ። መሀሉን መጀመሪያ የገደለው ተማሪው አይደለም። የንጉሡ መንግሥት ራሱ ነው።

ገርማሜ ንዋይን ውሰድ። ሰውዬው ሲጀምር ቦምብ ይዞ አልተነሳም። ወላሞ (የዛሬው ወላይታ) አውራጃ ተሹሞ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ማከፋፈል ጀመረ። ባለመሬቶቹ ጮኹ፣ ተነሥቶ ጅጅጋ ተላከ። እዚያ ያለው ገበሬ ሳይሆን አርብቶ አደር ነው፤ እዚያም ውሃና ትምህርት ቤት ለማድረስ ሲሞክር ከላይ የሚሰማው አጣ። ታኅሣሥ 1953 ላይ ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። ያ ሰው በሥራው ላይ ተትቶ ቢሆን ኖሮ ለዘብተኛ አገረ ገዢ ሆኖ ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ 1966ን ተመልከት። እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አዲስ ሕገ መንግሥት ይረቀቃል ተባለ። ፋታ ስጡን አለ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ታክሲ ነጂው፣ ወታደሩ ፋታ አልሰጠውም። ለምን ይሰጠዋል? ለዓመታት ፋታ ሲሰጥ ኖሯል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትን በአንድ ሌሊት ሲረሽን እንዳልካቸውም ከነሱ ጋር ነበር። በጊዜው ብዙ ተራማጅ አላዘነም። አድሃሪ ስለተባሉ ብቻ። ያለ ፍርድ መግደል በዚያ ሌሊት ደጃፋችን ገባ፣ ከዚያ አልወጣም። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

የኮልፌ ልጅ

መምህር፣ እርስዎ ያሉትን የሚያጠናክር ነገር ከሰፈራችን ልጨምር። ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ግቢ ነው። ያኔ ኮልፌ የከተማው ዳር ነበር፣ እንደዛሬው ሕንጻ አልወረረውም። ለ6 ወር ታስቦ ነበር፣ አገሩ ትፈልገዋለች ተብሎ ሳይጨርስ ተጠራ።

የማንዴላ ድርጅት ኤ.ኤን.ሲ የተመሠረተው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት አቤቱታ ጻፈ፣ ልዑካን ላከ፣ በሰላም ሰልፍ ወጣ። መጋቢት 1960 እ.ኤ.አ. ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰው ገደለ። ኤ.ኤን.ሲም ታገደ። የጦር ክንፉ፣ ኡምኮንቶ ዊ ሲዝዌ፣ የመጣው በዓመቱ ነው። መጀመሪያ የመረጡት መንገድ ደግሞ የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ እየተጠነቀቁ የመብራት መስመርና የመንግሥት ተቋም ማበላሸት ነበር። ነሐሴ 1990 እ.ኤ.አ. ድርድሩ ሲጀመር ትጥቅ ትግሉን ያቆመው ያው ያቋቋመው ድርጅት ነው። ልብ በሉ፣ ተኳሹና ተደራዳሪው አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። ቁም ሲባል የሚቆም ክንፍ ነበራቸው።

ኮልፌን ያስተዳድር የነበረው ታደሰ ብሩስ? በኋላ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ተቀላቀለ። ማኅበሩ በሕግ የተመዘገበ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ይሠራ የሚል ነበር። እሱም ታገደ፣ መሪዎቹም ታሰሩ። ጄኔራሉን ደርግ በ1967 ረሸነው። በሕግ የተመዘገበውን በር ስትዘጋው ሰዉ ወዴት ይሂድ?

ቁጥር ወዳጅ

ታሪኩ እንዳለ ሆኖ፣ ነገሩን ቆጥረው ያጠኑ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ሳናይ ባናልፍ።

ኸርበርት ሄይንስ የሚባል ሶሲዮሎጂስት ከ1957 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጥቁሮች መብት ድርጅቶች ገንዘብ ከየት እንዳገኙ አየ። ጽንፈኞቹ ሲጠነክሩና ከተሞች ሲቃጠሉ ለዘብተኞቹ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ጨመረ። ሰጪው ደነገጠና "ከነዚያ እነዚህ ይሻሉኛል" አለ ማለት ነው። ከጽንፈኞቹ አንዱ የነበረው ማልኮም ኤክስም ይህን ያውቀው ነበር። የካቲት 1965 እ.ኤ.አ. ሴልማ ሄዶ ለለዘብተኛው ለማርቲን ሉተር ኪንግ ባለቤት ለኮሬታ የነገራት ይህንኑ ነው፦ የመጣሁት የባልሽን ሥራ ላከብድበት አይደለም፣ ነጮቹ ሌላው አማራጭ ምን እንደሆነ ሲያዩ እሱን ቢሰሙት ይሻላቸዋል ብዬ ነው።

ግን ሌላ ጥናት ደግሞ አለ። ኦማር ዋሶው በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ ሰላማዊ ሰልፍ በተደረገባቸው አካባቢዎች አቅራቢያ የዴሞክራቶች ድምፅ ከ1.6 እስከ 2.5 በመቶ ጨመረ ይላል። ሁከት ግን በ1968ቱ ምርጫ ከነጮች ድምፅ ከ1.5 እስከ 7.9 በመቶ ወደ ሪፐብሊካን አዞረ፣ ኒክሰንን ያስመረጠውም ይህ ሳይሆን አይቀርም ነው የሚለው። ቼኖዌትና ስቴፈን ደግሞ ከ1900 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የነበሩ 323 ንቅናቄዎችን አይተው ሰላማዊዎቹ 53 በመቶ፣ የታጠቁት 26 በመቶ ተሳክቶላቸዋል ብለዋል።

አሁን የጀሞ ልጅ፣ አንተን የሚፈትን ነገር ላምጣ። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሙከራ የተሠራ ጥናት ለለዘብተኛው የሚጠቅመው ጽንፈኛ ጥያቄ ሳይሆን ጽንፈኛ ዘዴ ነው አለ። ካንተ አቋም ተቃራኒ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር እንግሊዝ ውስጥ ጀስት ስቶፕ ኦይል የሚባለው የአየር ንብረት ተቃዋሚ ቡድን የለንደንን ቀለበት መንገድ ሲዘጋ ሕዝቡ ተናደደ። የለዘብተኛው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የፍሬንድስ ኦቭ ዘ ኧርዝ ድጋፍ ግን ከ50.3 ወደ 52.9 በመቶ ከፍ አለ። ምን ትላለህ?

የጀሞ ልጅ

ጥሩ ፈተና ነው። የምለው እንዲህ ነው፦ እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው መጠይቅ የሞሉ ናቸው። ለንደን መንገድ ሲዘጋ ፖሊስ የመጣው መንገድ የዘጉትን ሊይዝ ነው፣ የፍሬንድስ ኦቭ ዘ ኧርዝን ቢሮ ሊያሽግ አይደለም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጽንፈኛው ለለዘብተኛው የሚጠቅመው ገዢው ሁለቱን ለይቶ የሚያይ ከሆነ ነው። ሁለቱንም በአንድ ዓይን ካየ፣ ጽንፈኛው በወረወረው ድንጋይ ለዘብተኛው ይታሰራል።

የሰበታዋ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም በደንብ ጽፋችኋል። እኔ ቁጥር አላውቅም፣ የማውቀው የኖርኩትን ነው።

በኛ ቤት ታላቅ ወንድሜ ኢሕአፓ ነበር። የአክስቴ ልጅ፣ አብሮን ያደገው፣ መኢሶን። አንድ ክፍል ነው የሚተኙት። ምሳ ላይ ሲከራከሩ እናቴ "እስቲ እንጀራው ይብረድላችሁ" ትል ነበር። ምን ላይ ነው የሚጣሉት ብዬ ስጠይቅ አይገባኝም ነበር፣ ምክንያቱም ሁለቱም መሬት ለገበሬው ይላሉ፣ ሁለቱም ሴት ልጅ ትማር ይላሉ፣ ሁለቱም ሕዝባዊ መንግሥት ይላሉ። ወንድሜ "አሁኑኑ" ይላል። የአክስቴ ልጅ "ደርግን እየተቸን እየደገፍን ጊዜ እንግዛ" ይላል፣ ሂሳዊ ድጋፍ የሚሉት ማለት ነው። ልዩነታቸው ይቺ ነበረች።

በ1969 መስከረም በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ተተኮሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ፍቅሬ መርዕድ የሚባለው የመኢሶን ሰው ተገደለ። ከዚያ ቀን በኋላ እነዚያ ሁለት ልጆች አንድ ገበታ ላይ አልቀረቡም። መጋቢት ላይ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። እናቴ ዴሞክራሲያ የምትባለዋን ወረቀት ከወንድሜ ፍራሽ ስር እያወጣች ምጣድ ስር ትማግዳለች፣ እኔ ደግሞ ጢሱ እንዳይታይ በር ላይ ቆሜ ቡና የምቆላ መስዬ ብረት ምጣድ አወዛውዛለሁ። ወንድሜን በግንቦት ወሰዱት። አልተመለሰም። የአክስቴ ልጅ ነሐሴ ላይ መኢሶን ከደርግ ተጣልቶ ሲሸሽ አብሮ ጠፋ፣ በኋላ ተይዞ ብዙ ዓመት ታሰረ።

ጽንፈኛው ጠቀመ ወይስ ጎዳ ብላችሁ ስትጠይቁ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ወንድሜ የፈለገው መጥፎ ነገር አልነበረም። ግን የአክስቴን ልጅ ጠላት ነው ብሎ አመነ፣ እሱም እንደዚያው። ያሳመኗቸውን እስከዛሬ ይቅር አልልም።

የኮልፌ ልጅ

እናታችን፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ብሎክ ጎረቤት (ቱሉ ዲምቱ)

ከትልቁ ታሪክ ወደ ትንሹ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ በኛ ኮንዶሚኒየም በዓይኔ ያየሁት ነው።

ውሃ ለረጅም ጊዜ ጠፋብን። አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጣ ደረጃው ላይ አርፎ አርፎ ነው የሚደርሰው። የነዋሪው ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፈ፣ ማኅተም አስመታ፣ ገቢ አስደረገ። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ" ነው መልሱ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። የእያንዳንዱን ደብዳቤ ቅጂ በቀን ቀኑ ክላሰር ውስጥ አስቀምጠዋል። ወጣቶቹ "ጋሼ በደብዳቤ ውሃ አይመጣም" ይሏቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰው ወደ ሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ወጣቶቹ ባዶ ጀሪካን ከዳር እስከ ዳር ደርድረው አስፋልቱን ዘጉት። ድንጋይ የለም፣ ጀሪካን ብቻ። በማግስቱ ያ ስብሰባ ላይ ነው ሲባል የከረመው ኃላፊ ራሱ ለሰብሳቢው ደወለ። ስብሰባ ተጠራ፣ ወጣቶቹ "ከነሱ ጋር አንቀመጥም" ብለው ቀሩ። ጋሼ ክላሰራቸውን ይዘው ገቡ። የትኛው መስመር እንደተዘጋ፣ የትኛው ብሎክ ሮቶ እንደሌለው፣ ቦቴ መቼ እንደመጣ ሁሉም እጃቸው ላይ አለ። ውሃ በፈረቃ ተመደበልን።

ጀሪካኑ ባይደረደር ስልኩ አይደወልም ነበር። ክላሰሩ ባይኖር ደግሞ ስልኩ ቢደወልም የምንለው ነገር አይኖርም ነበር። ይህን ሁሌም እናገራለሁ።

ግን አላበቃም። ፈረቃው ሲዛባ ወጣቶቹ ድጋሚ ወጡ፣ አሁን ድንጋይ ይዘው፣ የአንድ ሚኒባስ መስታወት ተሰበረ፣ ሾፌሩ ተጎዳ። ልጆች ታሰሩ። ጋሼም "አስተባባሪ ነህ" ተብለው ተጠርተው ቃል ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴ ግቡ ሲባል ሰው ይሸሻል። ጋሼም ለቀቁ።

ረዳቱ

እኔ ያቺ መስመር ላይ ነው የምሠራው። ሾፌሩን አውቀዋለሁ። ዓይኑ አካባቢ ነው የተመታው፣ ለሳምንታት አልሠራም፣ ለመኪናዋ ባለቤት ደግሞ የመስታወቱን ከፍሏል። እሱም እኮ ውሃ የለውም! እዚያው ነው ተከራይቶ የሚኖረው። ጀሪካኑ የተደረደረ ቀን ሁላችንም ቆመን ጠብቀናል፣ ማንም አልተሳደበም፣ እንዲያውም ተሳፋሪው ወርዶ "እሰይ" ሲል ነበር። የድንጋዩ ቀን ግን የሰፈሩ ሰው ራሱ ፖሊስ ጠራ።

ወለተ ቡራዩ

ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች ይህን ተወያይተን አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያያይዝ የነበረውን ማስተር ፕላን ብንዘለው ትክክል አይሆንም። ሚያዝያ 2006 ተማሪዎች ተቃወሙ። ኅዳር 2008 ከግንጪ እንደገና ተነሣ። ጥር 2008 እቅዱ ተሰረዘ ተባለ። የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራ ለቀቁ። ብዙ ሰው ሞቷል፣ ስለ ሟቾቹ በዚህ መድረክ ሲቀለድ ማየት አልፈልግም።

ለክሩ የሚሆነው ነጥብ ይሄ ነው። በገዢው ፓርቲ ውስጥ ለውጥ እንፈልጋለን የሚሉ ሰዎች ድምፃቸው የተሰማው መንገዱ ላይ ወጣቱ ስለነበረ ነው። ያለዚያ ማን ይሰማቸው ነበር? ስለዚህ "ጽንፈኛ" የሚለውን ስም ለመስጠት አትቸኩሉ። እጁን አጣምሮ ከፍ አድርጎ ባዶ እጁን የወጣ ልጅ ጽንፈኛ አይደለም። ቤት ያቃጠለው ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጨፈልቅ ሰው ሆን ብሎ ነው።

ቁጥር ወዳጅ

ወለተ፣ በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ። ከእንግሊዝ ሴቶችም ተመሳሳይ ነገር አለ። የሚሊሰንት ፎሴት ማኅበር ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሴቶችን የመምረጥ መብት በሰላም ጠየቀ። የኤሚሊን ፓንክኸርስት ማኅበር በ1903 መጥቶ ቆይቶ መስታወት መስበር፣ ሕንጻ ማቃጠል ውስጥ ገባ። በ1918 ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች መስፈርት ካሟሉ ይምረጡ ተባለ፣ ከወንድ እኩል የሆኑት በ1928 ነው። የትኛዋ ናት ያመጣችው? የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይከራከራሉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ፓንክኸርስት ማቃጠሉን አቆመች፣ የፎሴት ማኅበር ግን ቢሮውና አባላቱ እንዳሉ ቆዩ፣ ሕጉ ሲረቀቅ ለመነጋገር ሰው ነበር። ልክ እንደ ጋሼ ክላሰር።

የጀሞ ልጅ

መምህር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ለዘብተኛው ታዲያ ምን ያድርግ? ጽንፈኛውን ያውግዝ? ዝም ይበል? ወይስ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ይምታው?

መምህር ዘአባዶ

ሦስተኛውን መኢሶን ሞክሮታል።

ኪንግ ያደረገውን መጀመሪያ ልንገርህ። በሚያዝያ 1963 እ.ኤ.አ. በርሚንግሃም እስር ቤት ሆኖ በጻፈው ደብዳቤ ዘዴውን አልተቀበለም፣ ቁጣውን ግን አልካደም። እኔን ካልሰማችሁኝ ይህ ሁሉ ሕዝብ ወደነዚያ ይሄዳል አላቸው። ጽንፈኛውን ለፖሊስ አሳልፎ አልሰጠውም፣ በስሙም አልማለም።

መኢሶን ግን ኢሕአፓን አናርኪስት ብሎ ከደርግ ጋር ቆመ። ኢሕአፓም መኢሶንን ባንዳ ብሎ ይተኩስበት ስለነበር ምርጫው ቀላል ነበር አልልም፣ የሰበታዋ እናታችን የነገሩንም ይህንኑ ነው። መሣሪያ የታጠቀ ቀበሌ ውስጥ የመኢሶን ሰዎች ነበሩ፣ አሰሳው ላይም ነበሩ። ደርግ መኢሶንን የፈለገው ለምን ነበር? ኢሕአፓ ስላለ ነው። ከተማው ውስጥ ማርክሲዝም የሚናገር፣ ወጣቱን የሚያውቅ፣ ኢሕአፓን የሚመክት ሰው ያስፈልገው ነበር። በ1969 ክረምት ኢሕአፓ አዲስ አበባ ላይ ወገቡ ሲሰበር መኢሶን አላስፈላጊ ሆነ። ነሐሴ ላይ ሸሸ። መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ታሰረ፣ በኋላም ተገደለ። ከዚያ በኋላ ደርግን "ተው" የሚል ተራማጅ እስከ 1983 በከተማው አልተገኘም።

እና መልሴ፣ ጽንፈኛው የሚሠራውን ግድያ በአደባባይ ተቃወም፣ ስሙን ግን ለገዳዩ አትስጥ። ከባድ ነው፣ ሁለቱም ይጠሉሃል።

የሰበታዋ

መምህር፣ የአክስቴ ልጅ ከእስር ወጥቶ ከእናቴ ጋር ሲገናኙ ያላት ይህንኑ ነበር፤ "እሱ ሲያልቅ የኔ ቀን መሆኑን አላየሁም" አላት። ልጆቼ፣ ወለተ ያለችውን አጥብቃችሁ ያዙ። ባዶ እጁን የወጣውንና የገደለውን ለዩ። በኛ ጊዜ የሚለይ ሰው ጠፍቶ ነው።

ብሎክ ጎረቤት (ቱሉ ዲምቱ)

እዚህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያላችሁ ካላችሁ፣ አዲስ ኮሚቴ እናቋቁም የሚል ሐሳብ አለ። ወጣቶቹም እንዲገቡበት እየለመንን ነው። ጋሼ አልገባም ብለዋል፣ ክላሰሩን ግን ሰጥተውናል። እሁድ ከሰዓት ጊቢው ውስጥ እንገናኛለን። ረዳቱ፣ ሾፌሩንም ይዘኸው ና፣ ካሳው ላይ መጀመሪያ እንነጋገራለን።